ቃል ዕዳ የሚሆንበት ድንበር፦ የመቅደላው እስረኛ ክስ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉና የፊቅህ ሚዛን

ስለ ምላስ አደጋ በመስጊዶቻችን ያልተነገረ ነገር ጥቂት ነው። ሐሜት የሞተ ወንድምን ሥጋ ከመብላት ጋር መመሳሰሉን ቁርኣን መቅራት የጀመረ ልጅ ሳይቀር ሰምቶታል። ትምህርቱ ግን ብዙውን ጊዜ በወንጀል ተጀምሮ በተውበት ያበቃል። የተነገረው ቃል የተነገረበትን ሰው ገበያ ቢያሳጣው፣ ትዳሩን ቢያፈርስበት፣ ከማስተማሪያ ቦታው ቢያስነሣው ተናጋሪው ለዚያ ሰው በዚህ ዓለም ምን ዕዳ አለበት? ቃሉ እውነት ከሆነስ? ተናጋሪው ለመጉዳት አስቦ ካልሆነስ? እነዚህ ጥያቄዎች የዳኛና የጠበቃ ብቻ ተደርገው ተትተዋል። በፊቅህ ኪታቦች ውስጥ ግን ሰፊ ቦታ አላቸው፤ የሚመለከቱትም በቅድሚያ በሕዝብ ፊት የሚናገረውን፣ ማለትም ኢማሙን፣ መምህሩንና ሙፍቲውን ነው።

በዚህ ጽሑፍ ሦስት ነገሮች ጎን ለጎን ይመዘናሉ፤ በመቅደላ አምባ ለዓመታት የታሰረ አንድ ጸሐፊ የተከሰሰበት ነገር፣ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ስም ማጥፋት የደነገጋቸው አንቀጾች፣ እንዲሁም የዑለማእ ብይን። ከመቅደላ መጀመሩ አለምክንያት አይደለም። በአገራችን ታሪክ የተጻፈ ቃል በችሎት ቀርቦ ሰውን ለሰንሰለት ያበቃበት፣ ሂደቱም በዝርዝር የሚታወቅ ጉዳይ እንደዚህ ያለ ብዙ አይገኝም።

ሄንሪ ስተርን ጀርመን ተወልዶ ከአይሁድነት ወደ ክርስትና የገባ፣ በለንደን ማኅበር የተላከ ሚሲዮናዊ ነበር። በ1862 እ.ኤ.አ. ስለ ቤተ እስራኤል ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ አነሣስ ሲተርክ የንጉሡ እናት በድህነት ጊዜ ኮሶ ይሸጡ እንደ ነበር ጻፈ። መጽሐፉ የታተመው በእንግሊዝኛ ለባሕር ማዶ አንባቢ ቢሆንም ወሬው ወደ ንጉሡ ደረሰ። በጥቅምት 1863 እ.ኤ.አ. ስተርን በንጉሡ ፊት ሲቀርብ ሁለት አገልጋዮቹ ተደብድበው ሞቱ፤ እርሱም ጣቱን ሲነክስ ታይቶ የበቀል ዛቻ ነው ተብሎ ክፉኛ ተገረፈ። ወረቀቶቹና የባልደረባው የሮዘንታል ጽሑፎች ተይዘው ተመረመሩ፤ በኅዳርም ጎንደር ላይ ችሎት ተሰይሞ ንጉሡን መስደባቸው በፍትሐ ነገሥት ሞት የሚያስፈርድ ነው ተባለ። ሞቱ አልተፈጸመም። ሰንሰለቱ ግን ቀጠለ፤ በ1864 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወደ መቅደላ ተወሰዱ። ስተርን ለመጨረሻ ጊዜ ነጻ የወጣው የናፒየር ጦር በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አምባው ሥር በደረሰ ጊዜ ነው።

የእስሩ መንስኤ መጽሐፉ ብቻ እንዳልነበረ እርግጥ ነው። ለንግሥት ቪክቶሪያ የተላከው ደብዳቤ መልስ አለማግኘቱ የንጉሡን ቁጣ አባብሶት ነበር፤ ቆንስሉ ካሜሮንም ምንም መጽሐፍ ሳይጽፍ ታስሯል። ቢሆንም በችሎቱ የተሰማው ክስ የቃል ክስ ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ነገር የሚያነሡት በአብዛኛው የንጉሡን ጠባይ ለመግለጥ ነው፤ ገሚሱ የኩሩ ንጉሥ ቁጣ፣ ገሚሱ የጨካኝ ንጉሥ ሥራ ይለዋል። ሁለቱም ወገን የሕጉን ጥያቄ ሳይነካው ያልፋል። ያ ቃል ምን ዓይነት በደል ነበር? ባለ መብቱ ማን ነው? ማንስ ሊዳኘው ይገባ ነበር?

በፊቅህ ሚዛን ስናስቀምጠው በመጀመሪያ የምናገኘው ቃሉ ቀዝፍ አለመሆኑን ነው። ቀዝፍ ንጹሕን ሰው በዝሙት መወንጀል ወይም ዘሩን መካድ ነው፤ በሱረቱ-ን-ኑር አራተኛው አንቀጽ አራት ምስክር ያላመጣ ከሳሽ ሰማንያ ጅራፍ እንዲገረፍና ምስክርነቱ እንዳይወሰድ ተደንግጓል። ኮሶ መሸጥ ግን የሰውን ዘር አይነካም። መድኃኒት መሸጥ ነው፤ በዘመኑ ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሁሉ፣ መኳንንቱ ጭምር፣ ከኮሶ ሻጭ ደጅ አይቀርም ነበር። የአን-ነሰፊ «ከንዝ» ተዕዚር የማያስከትሉ ስድቦችን ሲዘረዝር «አንተ ዋግምት ነቃይ» የሚለውን ከነዚያ መካከል ቆጥሮታል። ዋግምት ነቃይነት በብዙ አገር እንደ ዝቅተኛ ሥራ ይታይ ነበር፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ዋግምት ተነቅለው ለነቃዩ ዋጋውን ከፍለዋል። ሐላል ሥራን መጥቀስ በራሱ ስድብ እንደማይሆን የፊቅህ ሊቃውንት በዚህ አሳይተዋል። የ«ሂዳያ» ባለቤት አል-መርጊናኒ ደግሞ ሰውን አህያ ወይም አሳማ ብሎ መስደብን በዚያው መንገድ ያየዋል፤ ውሸቱ ለሰሚው ሁሉ የታወቀ ስለሆነ ነውሩ የሚያርፈው በተናጋሪው ላይ ነው። ወዲያውም ሁለት ነገር ያክላል። በአንዳንድ አገር ልማድ ቃሉ ውርደት ሆኖ ከተቆጠረ፣ ወይም ተሰዳቢው ከዑለማእና ከሸሪፎች ወገን ከሆነ ተዕዚር ይገባል። የመጀመሪያው ሐሳብ ጥልቅ ነው፤ የቃል ክብደት በመዝገበ ቃላት ሳይሆን በሰሚው ማኅበረሰብ ዘንድ እንደሚለካ ያስተምራል። ሁለተኛው ለእኔ ብዙም አይዋጥልኝም፤ ድሃው ሰው በአህያ ስም ሲጠራ የሚሰማው ከሸሪፉ የሚያንስ አይመስለኝም።

የጎንደሩ ችሎት ትልቁ ጉድለት ግን የቃሉ አመዳደብ ሳይሆን የዳኛው ማንነት ነው። ተበዳዩ፣ ከሳሹና ፍርዱን የሚያጸናው አንድ ሰው ነበሩ። በእስልምና ዳኝነት ይህ ከሥሩ የተዘጋ በር ነው። ዑመር (ረ.ዐ.) ኸሊፋ ሳሉ ከኡበይ ኢብን ከዕብ ጋር በተጣሉ ጊዜ ሁለቱም ወደ ዘይድ ኢብን ሣቢት ቤት ሄደው ተዳኝተዋል፤ ዘይድ ለኸሊፋው ቦታ ሊያሰፉላቸው ሲሉ ዑመር ይህን እንደ መጀመሪያው አድልዎ ቆጥረው እንደ ገሠጿቸው አል-በይሀቂ ዘግበዋል። በጎንደር ግን ማንም ቃሉ እውነት ነው ወይስ ሐሰት ብሎ አልጠየቀም። ከሁሉ አስቀድመው የሞቱትም ምንም ያልጻፉት ሁለቱ አገልጋዮች ናቸው። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ወሎ በገቡ ጊዜ በመያዣነት የነበረው የወይዘሮ ወርቂት ልጅ በዚያው አምባ መገደሉን የወሎ ሰው አይረሳውም፤ ነፍስ የሌላውን ሸክም አትሸከምም የሚለው መለኮታዊ መርሕ ሁለቴም ተጥሷል።

አሁን ወደ ዘመናችን ሕግ እንሻገር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ስም ማጥፋት የሚናገረው ከውል ውጪ ስለሚደርስ ኃላፊነት በሚደነግገው ክፍል ከ2044 እስከ 2049 ባሉት አንቀጾች ነው። በሐሳብ ደረጃ ሲጠቃለል፣ በሕይወት ያለን ሰው የሚያስጠላ፣ የሚያስንቅ ወይም የሚያስቅበት፣ መታመኑን፣ ዝናውን ወይም የወደፊት ዕድሉን አደጋ ላይ የሚጥል ቃል፣ ጽሑፍ ወይም ሌላ ድርጊት ኃላፊነት ያስከትላል። ለመጉዳት አለማሰብ ከኃላፊነት አያድንም። ስለ ሕዝብ ጉዳይ የተሰጠ አስተያየት ግን ተናጋሪው ሐሰት መሆኑን በእርግጥ እያወቀ ካልተናገረው በቀር አያስጠይቅም። እውነትነቱን በትክክል ያስረዳ ሰውም ነጻ ይወጣል፤ ብቻውን ለመጉዳት ሲል የተናገረው መሆኑ ካልተረጋገጠበት። በዚህ ሕግ ስተርን ቢቀርብ ኖሮ ጥያቄው በሙሉ ወደ ማስረጃ ይዞር ነበር፤ ወይዘሮዋ ኮሶ ሸጠዋል ወይስ አልሸጡም?

ሕጉና ፊቅህ አጥብቀው የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ከአቡ ሁረይራ በሙስሊም የተዘገበው ሐዲሥ ሐሜትን ወንድምህን በሚጠላው ነገር ማውሳት ሲል ይተረጉመዋል፤ ያልከው በርሱ ላይ ካለ አማኸው፣ ከሌለ ቀጠፍክበት። እንግዲህ በዚህ ሐዲሥ እውነት መከላከያ አይደለም፤ እንዲያውም ሐሜትን ሐሜት የሚያሰኘው እውነት መሆኑ ነው። ብዙ ተናጋሪዎቻችን የሚወድቁት በሁለቱ መካከል ነው። ስለ ወንጀሉ ሲጠየቁ «እውነት ነው የተናገርኩት» ብለው በዳኛ ቋንቋ ይመልሳሉ፤ ስለ ዕዳው ሲጠየቁ «አላህን ምሕረት ለምኛለሁ» ብለው በሱፊ ቋንቋ ይመልሳሉ። ከሁለቱም ቤት የሚበጃቸውን በር መርጠው ይወጣሉ።

ኢማም አን-ነወዊ ከአል-ገዛሊ ተቀብለው ሐሜት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ዘርዝረዋል፤ ለበደል አቤት ማለት፣ መጥፎን ለመለወጥ እርዳታ መጠየቅ፣ ፈትዋ መሻት፣ ሙስሊሞችን ማስጠንቀቅ፣ ወንጀሉን በግልጽ የሚሠራን ሰው በዚያው በገለጠው ማውሳት፣ በታወቀበት ቅጽል ስም መለየት። የሕጉ 2046ኛ አንቀጽ ለሕዝብ ጉዳይ የከፈተው በር ከአራተኛው ጋር ይቀራረባል። ሆኖም ይህ በር በዘመናችን ከሚገባው በላይ ሰፍቷል። የሐዲሥ ሊቃውንት አስተላላፊዎችን ሲተቹ ራሳቸው ድንበር አበጅተው ነበር፤ አስ-ሰኻዊ እንደሚያስረዱት በአንድ ነቀፌታ ዓላማው ከተሟላ በሁለተኛ ማቁሰል አይፈቀድም። ይህን መመዘኛ አንድን ዓሊም በስም እየጠሩ ለአንድ ሰዓት ለሚዘልፉ ትምህርቶች ብናውለው ብዙዎቹ ከመጀመሪያው ሩብ ሰዓት አያልፉም።

ስም ሳይጠሩ መናገርስ? በኹጥባ ላይ «አንዳንድ ሰዎች፣ ከዚያ ማዶ ያሉ» ሲባል ጀማዓው ማን እንደ ተነካ ያውቃል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ2045ኛ አንቀጽ በቡድን ላይ የተነገረ ነገር አያስጠይቅም ይላል፤ ተናጋሪው አንድን የተለየ ሰው ለመጉዳት ማሰቡ ወይም ይህ እንደሚሆን መገመት የነበረበት መሆኑ ከተረጋገጠ ግን ይጠየቃል። መዝሀቦችም ተመሳሳይ ክርክር አድርገዋል። ኢማም ማሊክ ሽሙጥን እንደ ግልጽ ቀዝፍ ይቆጥሩታል፤ መሠረታቸው «አባቴ ዝሙተኛ አይደለም፣ እናቴም አይደለችም» እያለ ሌላውን የወጋን ሰው ዑመር መግረፋቸው ነው። ሐነፊዎችና ሻፊዒዎች ሐድን በጥርጣሬ አናቆምም ብለው ይህን አይቀበሉም፤ ለቅጣቱ የነርሱ ጥንቃቄ ትክክል ሲሆን ለካሳው ግን የማሊክ አስተያየት ለሰው ሕይወት የቀረበ ይመስለኛል።

የገንዘቡ ጉዳይ ሰፊ ውይይት ይሻል። የቀድሞ ሊቃውንት ለተዋረደ ስም በገንዘብ ካሳ አልወሰኑም፤ መንገዳቸው ሐድ፣ ተዕዚርና ስምን መመለስ ነበር። የዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1421 ዓ.ሂ. ሪያድ ላይ ባደረገው 12ኛ ጉባኤ ስለ ውል ቅጣት ሲወስን ካሳው በገንዘብ የሚታይ እውነተኛ ጉዳትን እንጂ የሞራል ጉዳትን እንደማያካትት ገልጿል። ከዘመኑ ሊቃውንት በተዕዚር ስም የሚፈቅዱም አሉ። የእኛ ፍትሐ ብሔር ሕግ ለሞራል ጉዳት ካሳ ፈቅዶ ጣሪያውን 1,000 ብር አድርጎታል፤ በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 590 ደግሞ በመገናኛ ብዙኃን ለሚደርስ ስም ማጥፋት እስከ 100,000 ብር ከፍ አደረገው። የሕግ ሰዎች በ1,000 ብሩ ይሣለቃሉ፤ የዛሬ ዋጋው የአንድ በግ ዋጋ አይሞላም። ለፊቅህ አንባቢ ግን ትንሽነቱ ብቻውን ነውር አይደለም። ክብር በገበያ እንደማይተመን ሕግ አውጪው ሳያውቅ የመሰከረበት ቁጥር ነው ማለት ይቻላል። የሚያሳዝነው ከሳሽም ተከሳሽም ብሩ ሲቆጠር ነገሩ አለቀ ማለታቸው ነው።

ቃል ገንዘብን በቀጥታ ሲያጠፋ ግን ፊቅህ ከማንም ሕግ የበለጠ ጠንካራ ነው። ሁለት ምስክሮች በአንድ ሰው ላይ የገንዘብ ዕዳ መስክረው ከተፈረደበት በኋላ «ዋሽተናል» ብለው ቢመለሱ ፍርዱ አይሻርም፤ ያጠፉትን ገንዘብ ግን እኩል ተካፍለው ይከፍላሉ፤ አንዱ ብቻ ከተመለሰ ግማሹን ይከፍላል። ይህ ዶማን፣ ማለትም የካሳ ግዴታ፣ በአፍ ብቻ ለደረሰ ጥፋት የተጣለ ነው። የፍትሐ ብሔሩ 2048ኛ አንቀጽ በአንጻሩ በችሎት ክርክር የተነገረ ቃል በስም ማጥፋት እንዳያስጠይቅ ከለላ ይሰጣል። ከለላው ምስክር ፈርቶ እንዳይቀር ይረዳል፤ የሐሰት ምስክርንም የወንጀል ሕጉ ይቀጣዋል። በሐሰት ምስክር መሬቱን ያጣው ገበሬ ግን የመስካሪው መታሰር በሬውንና ማሳውን አይመልስለትም። በኋላ የመጡት ሐነፊዎች ከዚህም አልፈው ሰውን ለገዢ በሐሰት ጠቁሞ ገንዘቡን ያስወረሰ ጠቋሚ እንዲከፍል በኢማም ሙሐመድ አስተያየት ፈትዋ ሰጥተዋል። የቀድሞው መርሕ ገንዘቡን በእጁ የወሰደውን እንጂ ጠቋሚውን አይዝም ነበር፤ ጠቋሚዎች ሲበዙ ግን ሊቃውንቱ መርሑን ለመግታት ሲሉ ለወጡት።

ለዚህ መጽሔት አንባቢ ከሁሉ የሚቀርበው የሙፍቲው ኃላፊነት ነው። እንበልና በቦረና ወይም በተንታ ደጋ አንዲት እናት በረጋ የቅቤ ማሰሮዋ አይጥ ሞታ አግኝታ ወደ መስጊድ ትልካለች፤ መልስ ሰጪው «ሁሉንም ድፉት» ይላል። ቡኻሪ የዘገቡት ሐዲሥ አይጧና ዙሪያዋ ተጥሎ የቀረው እንዲበላ ያዛል። የአንድ ቤት የዓመት ቅቤ በአንድ ቃል ፈሰሰ፤ ማን ይከፍላል? አን-ነወዊ በ«መጅሙዕ» መቅድም ከአቡ ኢስሓቅ አል-ኢስፈራኢኒ ያስተላለፉት መልስ አስገራሚ ነው፤ ሙፍቲው ለፈትዋ ብቁ ሆኖ የማያሻማ ማስረጃን ከተቃረነ ይከፍላል፤ ብቁ ካልሆነ ግን አይከፍልም፤ ምክንያቱም ያልተማረን የጠየቀው ጠያቂ ራሱ ዘንግቷል። አን-ነወዊ ይህን ችግር ያለበት ብለው ነቅፈውታል፤ ነቀፌታቸውም ተገቢ ነው። ያለ ዕውቀት የደፈረ ሰው ካወቀው ይልቅ ነጻ የሚወጣበት ሕግ ለደፋሮች ሽልማት ይሆናል። ያቺ እናት በቀዬዋ ጥምጥም የጠመጠመ ሁሉ ዓሊም ይመስላታል፤ ማኅበረሰቡ ያቆመላትን ሰው በመጠየቋ ዘነጋች ሊባል አይችልም። የመስጊድ ኮሚቴዎች ፈትዋ የሚሰጠውንና የማይሰጠውን ለይተው ለጀማዓው ማስታወቅ የሚገባቸውም ለዚህ ነው።

የመመለሻው መንገድስ? የፍትሐ ብሔሩ 2049ኛ አንቀጽ ለመጉዳት ሳያስብ፣ ከባድ ቸልተኝነትም ሳይኖርበት በጋዜጣ ስም ያጠፋ ሰው ሲጠየቅ ወዲያው ቃሉን አንሥቶ ይቅርታ ከጠየቀ ከኃላፊነት ነጻ ያደርገዋል። ኢማም አሽ-ሻፊዒ ስለ ቀዛፊ ተውበት የሚሉት ከዚህ ጋር ይገጥማል፤ ተውበቱ ራሱን ማስተባበል ነው። በልብ መጸጸት ብቻውን አይበቃም፤ አፍ የሠራውን አፍ ያፈርሰዋል። ዑመር አቡ በክራን ቃልህን ካነሣህ ምስክርነትህን እቀበላለሁ ማለታቸው፣ እርሱም እምቢ ማለቱ በዚሁ ረገድ ይጠቀሳል። ሐሜቱ ላልደረሰው ሰው ሄዶ መንገር ያስፈልጋል ወይ በሚለው አል-ገዛሊ ይቅርታ መጠየቅን ያስቀድማሉ፤ ሐሰን አል-በስሪ ምሕረት መለመንን በቂ ያደርጋሉ፤ ኢብን ተይሚያ ደግሞ ነገሩን መቀስቀስ አዲስ ጠብ ይወልዳል ብለው በታማበት መቀመጫ በመልካም እንዲወሳ ያዛሉ። የመጨረሻው ለደጋው ማኅበረሰባችን የተሻለ ይመስለኛል፤ ሁለት ቤተሰብ በአንድ ጉድጓድ ውኃ በሚቀዳበት አገር ያልሰማን ሰው ማሰማት እሳት መለኮስ ነው። በሚንበር የተነገረ ግን በሚንበር፣ በዚያው ጀማዓ ፊት መነሣት አለበት። ጎን ሰብ አድርጎ «አፉ በለኝ» ማለት ዕዳውን አያወርድም።

የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን በጋብቻ፣ በፍቺ፣ በቀለብ፣ በውርስ፣ በወቅፍና በመሳሰሉት የተወሰነ ነው፤ የስም ማጥፋት ካሳ በነርሱ አይታይም። ስለዚህ ነገሩ ወይ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል፣ ወይ በወሎ እንደሚታወቀው የአባጋር ሽምግልና ባሉ መድረኮች ይያዛል። ሽማግሌዎቹ ከሁለቱም ሕግ የሚበልጥ አንድ ብልሃት አላቸው፤ ቃሉ የት የት እንደ ደረሰ ይጠይቃሉ። የሚደክሙበት ግን የተናጋሪውን ክብር ለመጠበቅ ሲሉ ዕርቁን በዝግ ሲጨርሱት ነው።

አሁን ቃል ከሰውዬው አፍ ወጥቶ በስልክ ተቀድቶ ከመካነ ሰላም አዲስ አበባ፣ ከዚያም ጅዳና ዱባይ ይደርሳል። የፍትሐ ብሔሩ 2135ኛ አንቀጽ ለታተመ ጽሑፍ የጋዜጣውን አዘጋጅ፣ የበራሪ ጽሑፉን አታሚ፣ የመጽሐፉን አሳታሚ ከጸሐፊው ጋር ይይዛል፤ የተቀዳን ትምህርት ለመቶ ሰው የሚያስተላልፈውን ደረሳ ግን በስሙ አያውቀውም። ቁርኣን ያውቀዋል። በሱረቱ-ን-ኑር ስለ ኢፍክ የወረዱት አንቀጾች የሚገሥጹት ወሬውን በምላሳቸው የተቀባበሉትን ነው። አቡ ዳዉድና ቲርሚዚ በዘገቡት መሠረት የተገረፉትም ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ናቸው፤ ሚስጠሕ፣ ሐሳንና ሐምና። ሦስቱም ወሬውን ያመነጩት አልነበሩም፤ ያዳረሱት ነበሩ። ሚስጠሕ የአቡ በክር (ረ.ዐ.) ዘመድና በርሳቸው ወጪ የሚተዳደር ድሃ ነበር። ስለ ልጃቸው የተነገረውን በተቀባበለ ጊዜ አቡ በክር ቀለቡን ሊያቋርጡ ማሉ፤ በዚያው ሱራ 22ኛው አንቀጽ ሲወርድ ቀለቡን መለሱለት። ጅራፉ ግን አልቀረለትም።